የድሮ ቴነር ባንጆ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ አንገቱን እዩ

የድሮ ቴነር ባንጆ (ክብ አካሉ ላይ ቆዳ የተወጠረበት የክር ሙዚቃ መሣሪያ) ለሽያጭ ቀርቦ ካያችሁ የሚያብረቀርቀው ብረት አያታልላችሁ። ቆዳው ተቀዶ ብታገኙትም አትደንግጡ፤ ቆዳም ክርም ይቀየራል። ዋናው ጣጣ አንገቱ ነው። ባንጆውን ወደ ዓይናችሁ አስጠጉና እንደ አነጣጣሪ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱ። ትንሽ ከጎበጠ ባለሙያ ሊያስተካክለው ይችላል። ከተጠማዘዘ ግን እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ጥገናው ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች (አንገቱ ላይ ወደ ጎን የተቀመጡት ቀጫጭን ብረቶች) ስትወጡ ቅኝቱ ከተበላሸ ቶሎ አትፍረዱ። የባንጆ ብሪጅ (ቆዳው ላይ ቆሞ ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ትንሽ እንጨት) በማጣበቂያ አይያያዝም፤ ክሮቹ ተጭነውት ነው የሚቆመው። ስለዚህ በቀላሉ ይንሸራተታል። ሜትር ያዙ። ከነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ቁራጭ) እስከ 12ኛው ፍሬት ያለው ርቀት ከ12ኛው ፍሬት እስከ ብሪጁ ካለው ጋር እኩል ሊሆን ምንም ያህል አይቀረው። ብዙ ከተዛባ ብሪጁን ገፋ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩት። ሻጩ ራሱ ይህን ስላላወቀ ዋጋ የሚቀንስበት ጊዜ አለ (ዝም በሉ!)።

ሌላው፣ ቴነር 4 ክር ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የጃዝ ባንዶች ስለወደዱት በብዛት ተሠራ። በኋላ ባለ 5 ክሩ ሲፈለግ የብዙዎቹ አንገት ወልቆ በሌላ ተተካ። አንዳንዱም ተመልሶ ቴነር ሆኗል። «ኦሪጅናል ነው» ከተባላችሁ የጀርባው ክዳን ተከፍቶ የውስጡን ፎቶ ጠይቁ። ፍሬቶቹንም ቁጠሩ፤ የተለመዱት ባለ 17 እና ባለ 19 ናቸው። ጣታችሁ አጭር ከሆነ ባለ 17ቱ ይመቻችኋል።