በደንገል ታንኳ የ30 ሰከንድ ስቶፕ ሞሽን መሥራት

ስቶፕ ሞሽን አሻንጉሊትን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ በየእርምጃው ፎቶ ማንሣት፣ ከዚያም ፎቶዎቹን በፍጥነት ማከታተል ነው። የተማሪ ፊልሞችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው መንቀሳቀስ የሌለበት ነገር መንቀሳቀሱ ነው፤ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ይቀየራል፣ ጠረጴዛው በክርን ይነካል፣ ስልኩ በራሱ ፎከሱን ይለውጣል። ስለዚህ የሥራው ግማሽ ነገሮችን አጥብቆ ማሰር ነው። ካሜራው የማንኛችሁም ስልክ ሊሆን ይችላል።

ታሪኩና ቁጥሩ

ለመጀመሪያ ሥራ የተቀመጠ ገጸ ባሕርይ ምረጡ። የሚራመድ አሻንጉሊት በየፎቶው በአንድ እግሩ መቆም አለበት፤ ይወድቃል፣ ሲያነሡት ቦታውን ይስታል፣ ግማሽ ቀን እሱን በማቆም ያልቃል። የጣና ታንኳ ቀዛፊ ግን ተቀምጦ ነው የሚሠራው። የሚንቀሳቀሱት ወገቡ፣ እጆቹና ራሱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እዚህ አንድ ታሪክ ይዘን እንሄዳለን፦ ከዘጌ በኩል ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፍ ሰው፣ ጭነቱ ላይ የሚያርፍ ፔሊካን፣ ከክብደቱ የተነሣ ዝቅ ዝቅ የሚል ታንኳ።

ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። እናንተ በሰከንድ 12 ፎቶ አንሡ፤ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ሲታይ 24ቱ ይሞላል። በ8 ፎቶ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል፣ በ24 ደግሞ ሥራው እጥፍ ይሆናል። በ12 ስሌት 30 ሰከንድ 360 ፎቶ ነው። በስድስት ሾት (ካሜራው ከአንድ ቦታ ሳይነሣ በሚያነሣው ክፍል) ክፈሉት፦ ታንኳው ከሩቅ ሲመጣ 72 ፎቶ፣ ቀዛፊው ከቅርብ 48፣ ፔሊካኑ ሲያርፍ 72፣ ታንኳው ዝቅ ዝቅ ሲል 60፣ ቀዛፊው ዞሮ ሲያይ 36፣ ወፉ ተነሥቶ ታንኳው ሲሄድ 72። ስድስቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ሣሏቸው፤ ሥዕሉ ማማር የለበትም፣ ማን በየት በኩል እንደሚገባ ካሳየ ይበቃል።

ጀማሪ ቡድን በሰዓት 40 ፎቶ ካነሣ በደንብ ሠርቷል። 360ው 9 ሰዓት ይፈጃልና ለማንሣት ብቻ ሁለት ቅዳሜ ያዙ። መምህራችሁ የ2 ደቂቃ ፊልም ካዘዙ ቁጥሩን በአክብሮት አሳዩአቸው፤ 1,440 ፎቶ ነው።

ታንኳውና ቀዛፊው

ታንኳው 20 ሴ.ሜ ርዝመት፣ 5 ሴ.ሜ ወርድ ይኑረው፤ ቀዛፊው ከመቀመጫው እስከ ራሱ 9 ሴ.ሜ። ከዚህ ካነሰ የ1 ሚ.ሜ ስሕተት እንኳ በስክሪን ላይ ጎልቶ ይታያል። ደንገሉ ቢያንስ ለሳምንት የደረቀ መሆን አለበት። እርጥብ ደንገል ሲደርቅ ስለሚኮማተር በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቅዳሜ መካከል ታንኳው ሌላ ታንኳ ይሆንባችኋል። የደንገል ግንድ ለዚህ ልክ ወፍራም ነውና በቁመቱ ሰንጥቁት፤ ለስፌት የሚሆን ሰንደዶም ይሠራል። ሦስት እስር አዘጋጁ፣ ሁለቱ ለጎን፣ አንዱ ለሥር፤ በየ2 ሴ.ሜው በክር አጥብቁ። አፍንጫውን ወደ ላይ ቀልብሳችሁ በክር ወደ ኋላ ወጥራችሁ እሰሩት።

ለቀዛፊው አጽም የሚሻለው አርማታ ብረት የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ባጠፋችሁት ቦታ ይቀራል፤ ጠንካራ ሽቦ ግን ትንሽ መልሶ ይዘረጋል፣ እጁም ካስቀመጣችሁበት ይሸሻል። ሁለት ክር አንድ ላይ ጠምዝዙ። ክርን ላይ ደጋግሞ የታጠፈ ሽቦ ውሎ አድሮ ይሰበራል፤ ብዙ ጊዜም የሚሰበረው በሾት መካከል ነው። ስለዚህ ትከሻው ላይ 1 ሴ.ሜ የእስክሪብቶ ቀፎ ቅበሩና ክንዱን እዚያ ውስጥ ሰክታችሁ ሥሩ፤ ሁለት ትርፍ ክንድ ይኑራችሁ። አካሉን በስፖንጅ ሙሉት፣ ራሱን ከፕላስቲሲን (ከማይደርቅ የመቅረጫ ሊጥ) አድቦልቡሉ፣ ለዓይን ሁለት ቁንዶ በርበሬ ይበቃል።

ከሐይቁ ዳር የሚወሰድ ጭቃ ለመሬትና ለድንጋይ እንጂ ለገጸ ባሕርይ አይሆንም፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ፕላስቲሲን አይደርቅም፣ ግን ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ ነጩ ደግሞ ቆሻሻ ቶሎ ይይዛል። ከቀለም ወደ ቀለም ስትሸጋገሩ እጃችሁን ታጠቡ።

ጋቢ ካለበሳችሁት አንድ ነገር አስታውሱ። ልቅ ጨርቅ እጅ በነካው ቁጥር እጥፋቱ ይቀየርና በፊልሙ ላይ እንደሚፈላ ነገር ይንቀጠቀጣል። ነጭ ኮላና ውሃ እኩል በእኩል አደባልቃችሁ ጨርቁን ንከሩት፣ አሻንጉሊቱ ላይ አስተካክላችሁ ሳትነኩት ይድረቅ።

ውሃው

እውነተኛ ውሃ አይሠራም። በፎቶና በፎቶ መካከል እንደ ፈቃዱ ይንቀሳቀሳልና ስታከታትሉት ጫጫታ ብቻ ይሆናል። ሐይቁን ከካርቶን ሥሩት። እያንዳንዳቸው 80 ሴ.ሜ ርዝመት፣ 6 ሴ.ሜ ቁመት ያላቸው ሦስት የማዕበል ጥብጣቦች ቁረጡ፤ ከአንዱ ማዕበል ጫፍ እስከ ቀጣዩ ልክ 6 ሴ.ሜ ይሁን። ልኩን በአንድ የካርቶን ቅርጽ እያኖራችሁ ሣሉ፣ በዓይን ግምት አትቁረጡ፤ ምክንያቱም የሚከተለው ስሌት የሚሠራው ሁሉም እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው።

የፊቱን ጥብጣብ በየፎቶው 5 ሚ.ሜ ግፉት። በ12 ፎቶ 6 ሴ.ሜ ይሄዳል፣ ማለትም አንድ ማዕበል የሚቀጥለውን ቦታ ይይዛል። ያኔ ጥብጣቡን ወደ መነሻው መልሱት፤ ማዕበሎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ተመልካቹ አያውቅም። የኋላውን 2.5 ሚ.ሜ ግፉ፣ ዙሩ 24 ፎቶ ይሆናል፤ ቀርፋፋው ሩቅ ይመስላል። መካከለኛው 3 ሚ.ሜ ይሂድ፣ በ20 ፎቶ ይመለሳል። ጥብጣቦቹ በሁለት ቀጫጭን የካርቶን ሐዲዶች መካከል ይንሸራተቱ፣ ከጎናቸው ማስመሪያ ይለጠፍ። ቀለሙን ሰማያዊ ብቻ አታድርጉት። ጣና በክረምት ደለል ሲገባበት ወደ ቡናማ ያደላል፤ ሐይቁን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያስተውላል።

ታንኳው በፊተኛውና በመካከለኛው ጥብጣብ መካከል ይቀመጥ። ከሥሩ 1 ሚ.ሜ ውፍረት ያላቸው የካርቶን ቁራጮች እየጨመራችሁና እያነሣችሁ አወዛውዙት፦ 0፣ 0፣ 1፣ 1፣ 2፣ 2፣ 3፣ 3፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1። ይህም 12 ፎቶ ነው። ሲነሣ ወዲያው ሙሉ ፍጥነት አይያዝ፤ መጀመሪያ 1፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 3 ሚ.ሜ፣ ከዚያ ይቀጥል። አንድ የቅዘፋ ዙር 16 ፎቶ ይሁን፦ ሲስብ 9፣ ሲመልስ 5፣ ሲያርፍ 2። በሚስብበት ጊዜ ታንኳው በየፎቶው 5 ሚ.ሜ፣ በቀረው 3 ሚ.ሜ ይሂድ። ይህች ትንሽ ልዩነት ሰውየው በእርግጥ ውሃ እየገፋ መሆኑን ታሳምናለች፤ ብዙ ጀማሪዎች ታንኳውን በእኩል ፍጥነት ይጎትቱትና መቅዘፊያው ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ፔሊካኑ ሲበር ጠፍጣፋ ካርቶን ይበቃል፤ ከጀርባው በፕላስቲሲን ሰማዩ ላይ ይለጠፍ። ሦስት ክንፍ ቁረጡ፣ ወደ ላይ፣ መካከልና ወደ ታች፤ ላይ፣ መካከል፣ ታች፣ መካከል እያላችሁ እያንዳንዱን ለ2 ፎቶ አቆዩ። ትልቅ ወፍ ቀስ ብሎ ነው ክንፉን የሚመታው፤ ከፈጠነ ድንቢጥ ይመስላል። ጭነቱ ላይ የሚያርፈውን ለብቻው በሽቦና በፕላስቲሲን ሥሩት።

ብርሃን

በመስኮት ብርሃን አታንሡ። በባሕር ዳር ሰማይ አንዲት ደመና ስታልፍ 10 ፎቶ ይጨልማል፣ ፊልሙም ብልጭ ድርግም ይላል። በሁለት ሰዓት ውስጥ የፀሐይዋ ጥላም ጠረጴዛውን አቋርጦ ይሄዳል። መስኮቱን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ፣ ወይም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ሥሩ። ማታ ከሠራችሁ የሐይቁ ዳር ትንኝ አምፖሉን ፈልጎ ይመጣልና መስኮቱ ይዘጋ፤ ፔሊካኑ ላይ ያረፈች ትንኝ በአንድ ፎቶ ታይታ ትጠፋለች።

ሁለት የኤልኢዲ አምፖል ይበቃል። ዋናው ከግራ በ45 ዲግሪ፣ ሌላው ከቀኝ ነጭ ወረቀት ተጋርዶበት ለስለስ ብሎ። የሚግለው የድሮ አምፖል ፕላስቲሲኑን ያቀልጣል። የመብራታችን ሞገድ 50 ኸርትዝ ስለሆነ ስልኩ ማንዋል (በእጅ ማስተካከያ) ካለው ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/25 ሰከንድ ላይ አድርጉት፤ ፈጣን ሹተር የአምፖሉን መርገብገብ ይይዛል። ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ከፓወር ባንክ የሚሠራ የዩኤስቢ መብራት ይሻላል። ባትሪው ሲያልቅ እየደበዘዘ የሚሄደውን ባለ ቻርጅ ፋኖስ ግን አትጠቀሙ። መብራት በሾት መካከል ከጠፋ እስኪመለስ ጠብቁ፣ በሌላ መብራት አትቀጥሉ።

ልብሳችሁም ብርሃን ነው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ወደ ጠረጴዛው በቀረበ ቁጥር ብርሃን ይመልሳል። ጠቆር ያለ ልበሱ፣ ፎቶ ሲነሣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቁሙ።

ስልኩና ማንሣቱ

ስልኩን አግድም አድርጋችሁ በማቆሚያው ላይ እሰሩት፣ የማቆሚያውንና የጠረጴዛውን እግሮች ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ዙም አትጠቀሙ፣ አስጠጉት። ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ የተባለው መተግበሪያ የቀደመውን ፎቶ እንደ ጥላ ያሳያልና ለዚህ ሥራ ይመቻል። ፎከስ፣ ኤክስፖዠር (የብርሃኑ መጠን) እና ዋይት ባላንስ (የቀለሙ ሚዛን) ከአውቶማቲክ ይውጡ። ስልኩ ይህ ከሌለው ታንኳው ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ የመቆለፊያው ምልክት እስኪመጣ ያዙ፤ መተግበሪያው በተዘጋ ቁጥር ቁልፉ ይፈታል። ስልኩ ከጥሪ ይዘጋ፣ ንዝረቱ ክፈፉን ያዛባል። ስክሪኑን በጣት አትንኩ፤ የኢርፎን ድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ በብዙ ስልኮች ፎቶ ያነሣል፣ ካልሠራ የ2 ሰከንድ ቆጣሪ ተጠቀሙ። በስልኩ ካሜራ በቀጥታ ካነሣችሁ አንድ ፎቶ 4 ሜጋ ባይት ቢሆን 360ው ወደ 1.4 ጊጋ ባይት ይይዛል፤ ቦታ አስቀድማችሁ አጽዱ።

አንቀሳቃሹና አንሺው ሁለት ሰው ይሁኑ። ሦስተኛው የፎቶ ቁጥርና የጥብጣቦቹን ቦታ ይመዝግብ፤ ይህ ሰው ከሌለ ከምሳ በኋላ የማዕበሉ ዙር የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። አንሺው ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት «እጅ!» ይበል፣ ሁሉም እጁን ያውጣ። ከእያንዳንዱ ሾት በፊትና በኋላ ቀዛፊው ሳይንቀሳቀስ፣ ውሃው ግን እየሄደ፣ 6 ትርፍ ፎቶ አንሡ፤ ስትቆርጡ ያስፈልጋል።

ካሜራው ከተነካ በጥላው እየተመራችሁ ለመመለስ አንድ ጊዜ ሞክሩ። ካልገጠመ እዚያው ሾቱን ቁረጡና ከሌላ ማዕዘን ቀጥሉ። ተመልካች ማዕዘን ሲቀየር ቅር አይለውም፤ ሐይቁ በአንድ ጊዜ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲዘል ግን ያያል።

ድምፅና ማቀናበር

የሐይቁን ድምፅ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ቅዱ፤ ስልኩ ላይ ንጹሕ ካልሲ አልብሱት። የቅዘፋው ድምፅ በባልዲ ውሃና በእንጨት ማንኪያ ይሠራል፣ ለክንፉ ጃንጥላ በፍጥነት መክፈትና መዝጋት በቂ ነው። ሙዚቃ ካስፈለገ ዋሽንት ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ተማሪ ፈልጉና ፈቃዱን ጠይቃችሁ ስሙን መጨረሻ ላይ ጻፉ።

ፊልሙን በካፕካት ስታቀናብሩ የሰከንዱን ምስል 24 ላይ አድርጉት። ብዙዎቹ የስልክ ማቀናበሪያዎች 30 ላይ ሆነው ይመጣሉ፤ 30 ለ12 እኩል ስለማይካፈል አንዱ ፎቶ 2፣ ሌላው 3 ጊዜ ይታይና ቅዘፋው ያነክሳል። በ1080 ጥራት ኤምፒ ፎር አውጡት፣ ከማስረከባችሁ በፊትም በትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተር እዩት፤ ጨለማው ክፍል እዚያ ይበልጥ ይጨልማልና ቀዛፊው ፊቱ ካልታየ ብርሃኑን በማቀናበሪያው ለሁሉም ሾት እኩል ጨምሩ።