ስኳር ያለባት ድመት ያላችሁ፣ ማር ከቤት አይጥፋ

ድመታችሁ ስኳር አለባት ተብላችሁ ኢንሱሊን የጀመራችሁ ካላችሁ ይቺን ያዙልኝ። ሁላችንም የምንፈራው ስኳሩ ከፍ እንዳይል ነው፣ ግን በሰዓታት ውስጥ የሚገድለው በጣም መውረዱ ነው። የኔዋ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ምግቧን አሽትታ ተወችው፣ እኔ ደግሞ ሰዓቱ እንዳያልፍ ብዬ ሙሉውን ዶዝ ወጋኋትና ረፋድ ላይ እንደሰከረ ሰው እየተንገዳገደች የኋላ እግሯ ከዳት፣ ከኮዬ ፈጬ ሐኪም ጋ እስኪደረስ ደግሞ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ማር በጣቴ ድዷ ላይ ትንሽ ትንሽ ቀባሁላት (አፏ ውስጥ እንዳታፈሱ፣ ትታነቃለች)፣ ቀና ስትል ምግብ ሰጥቻት ይዣት በረርኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ ትብላ፣ እምቢ ካለች ሳትወጉ ለሐኪሟ ደውሉ። ሲሪንጁንም እዩት በናታችሁ፣ የዩ-40 ኢንሱሊን (በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ያለው) ባለ 100 ዩኒቱን ኢንሱሊን ለመለካት በተሠራው በዩ-100 ሲሪንጅ ከተለካ ዶዙ ይዛባል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱት፣ ኢንሱሊኑን ፍሪዘር ውስጥ ግን እንዳታስገቡ፣ በረዶ ከሆነ አለቀለት። ካስመለሳት፣ መብላት ካቆመች ወይ ትንፋሿ አሴቶን አሴቶን ከሸተተ ነገ እወስዳታለሁ አትበሉ፣ በዚያው ሰዓት ውሰዷት።