ቀይ እንጨት ባልተለመደ ቀለም ሲቀለም

በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ ባሉ ቤቶች ከወላጆች የተወረሰ የኮሶ እንጨት ቡፌ ወይም ቁም ሣጥን ማግኘት ዛሬም ብርቅ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣውና በ1999 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ስለነበር፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ መልኩ ስለ ሰለቸን ብቻ መጣል ትልቅ ጥፋት ነው።

ቀለም በሚመረጥበት ጊዜ የእንጨቱ ቅላት ራሱ እንደ መጀመሪያ ቅብ ይቆጠር። ሰማያዊ በላዩ ሲያርፍ ወደ ሐምራዊ፣ ቢጫ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል፤ አረንጓዴ ግን የቀይ ተቃራኒ ስለሆነ ቅላቱን አደብዝዞ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ ይወስደዋል።

በቅድሚያ አሮጌው ቫርኒሽ ሙሉ በሙሉ ይነሣ፤ ከዚያም እንጨቱ በቁጥር 120፣ ቀጥሎም በቁጥር 180 ብርጭቆ ወረቀት ይፈግፈግ። ከዚህ በላይ ማለስለስ ቀለሙ እንዳይሰርግ ያደርጋል። በእርጥብ ጨርቅ ታብሶ ከደረቀ በኋላ በእርጥበቱ የቆመው የእንጨቱ ጭረት በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይነሣ።

እኔ ከሁሉ የማስበልጠው የብረትና የአቼቶ ውሕድ ነው። የሚዝግ ዓይነት የብረት ሽቦ ዘይቱ በሳሙና ታጥቦ፣ በአቼቶ በተሞላ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይዘፈዘፋል፤ የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ስለሆነ ክዳኑ አይጥበቅ፣ እሳትም አይቅረበው። እንጨቱ አስቀድሞ ወፍራም የሻይ ቅጠል ውሃ ተቀብቶ ይድረቅ፤ ምክንያቱም ብረቱ የሚያጠቁረው በሻይ ውስጥ ካለው ታኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው። የተጠለለው ውሕድ ሲቀባ መጀመሪያ እንደ ውሃ ብቻ ያረጥባል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ግን ግራጫው ከእንጨቱ መስመሮች ጀምሮ እየጠቆረ ይስፋፋል፣ ቅላቱም ከሥሩ እንደ ፍም ይታያል።

ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ለሚፈልግ በውሃ የሚሟሟ የእንጨት ማቅለሚያ ይሻላል። በመርካቶ የሚሸጠው የልብስ ማቅለሚያ ዱቄትም ይሠራል፤ ሆኖም ብዙው ፀሐይ ስለሚያደበዝዘው መስኮት ሥር ለሚቀመጥ ዕቃ አልመክረውም። ሁሉም በመሳቢያው ጀርባ ይሞከር፤ ውጤቱም የሚለየው ደርቆ ሳይሆን ቫርኒሽ ሲቀባ ነው።

በክረምት ማድረቂያው ጊዜ ይርዘም። የዘይት ቫርኒሽ ወደ ቢጫ ስለሚሄድ ሰማያዊውን ወደ አረንጓዴ ይስባል፤ በውሃ የሚሠራው ደግሞ በብሩሽ ሲታሽ ቀለሙን ያነሣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቅብ በጣም ስስ ይሁን። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ ውጭ ይድረቅ።