አዲስ ራዲያተር ገብቶለት አሁንም ሂት ለሚያደርግ መኪና

ደሴ ነው የምኖረው። ጋራዥ የለኝም፤ የዘመድና የጎረቤት መኪና ግቢዬ ውስጥ ነው የምሠራው። ራዲያተር መቀየር ራሱ ቀላል ነው። ውሃውን ታፈሳለህ፣ ሁለቱን የውሃ ጎማ ትነቅላለህ፣ የፋኑን ሶኬት ትለያለህ፣ ከላይ የያዙትን ማቀፊያዎች በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈትተህ ወደ ላይ ትስበዋለህ። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ሰው የሚቸገረው ከገጠመ በኋላ ነው፤ እኔ ዘንድ የሚመጣውም ያኔ ነው። ስለዚህ ስለ መፍታቱ ብዙ አልልም።

ሁለት ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ሞተሩ ትኩስ ሆኖ የራዲያተሩን ክዳን አትክፈት። «በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ» የሚባል ነገር የለም። ውስጥ ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል፤ እንዳይፈላ የያዘው ግፊቱ ብቻ ነው። ክዳኑ ላላ ሲል እንፋሎት ሆኖ ፊትህ ላይ ይወጣል። ቡና ይፈላ፣ አቦሉም ቶናውም በረካውም ይጠጣ፣ ከዚያ የላይኛውን ጎማ ጨበጥ አድርገው። ካላቃጠለህና ለስለስ ካለ ክፈት። ሁለተኛ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል። አንዳንድ መኪና ላይ ፋኑ ሞተር ጠፍቶም ይነሳል፣ ጣት ይቆርጣል።

ምልክት፦ ራዲያተሩ አዲስ ነው። ከተማ ውስጥ ሲነዳ ደህና ነው። ከኮምቦልቻ ተነስተህ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ የሙቀት ጌጁ ድንገት ሽቅብ ይሄዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ሂተር ስትከፍት የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ነው።

ምክንያት፦ አየር ይዟል።

እኔ ጋ ከሚመጡት መኪኖች አብዛኞቹ ችግራቸው ይሄው ነው። ውሃ ከላይ ስትሞላ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) ዝግ ነው፣ ስለዚህ ሞተሩ ውስጥና የሂተሩ ቱቦ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣል። አንተ ራዲያተሩ አፉ ድረስ ስለሞላ ያለቀ ይመስልሃል። ቴርሞስታቱን የሚከፍተው በሙቅ ውሃ የሚቀልጥ ሰም ነው፤ ብዙ ቶዮታ ላይ 82 ዲግሪ አካባቢ ይከፍታል። ዙሪያውን የያዘው አየር ከሆነ ግን ሙቀቱ በደንብ አይደርሰውም፣ ዝግ እንደሆነ ይቀራል። ቴስታታው (የሞተሩ አናት) ሲግል ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ነው። የሙቀት መለኪያውም አየር ውስጥ ከሆነ በትክክል አያነብም። ጌጁ የሚዘለው ለዚያ ነው።

አንድ ጎረቤቴ አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ለኮሮላቸው አዲስ ራዲያተር ገዝተው ኮምቦልቻ አስገጠሙ። ወደ ደሴ ሲመለሱ ሐረጎ ላይ ሁለት ጊዜ አፈላባቸው። የገጠመላቸው ሰው በስልክ «ቴስታታ መውረድ አለበት» አላቸው። ቴስታታ ማውረድ ስንት እንደሚያስወጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ጋ ሲመጡ ፊታቸው ጠቁሯል። «አብሽሩ ጋሼ» አልኳቸውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፦ ሲሞላ ስንት ውሃ ገባ? ቆመው አይተው ነበርና ያስታውሳሉ። ሁለት ትልልቅ ሃይላንድ። 4 ሊትር ማለት ነው። ያ ሞተር ከራዲያተሩ ጋር ወደ 6 ሊትር ይይዛል፣ እሳቸው ደግሞ «ውሃው ሁሉ ወጥቶ ነበር» ነው የሚሉት። ታዲያ ቀሪውን ቦታ ምን ይዞታል? ሂተሩስ ስላቸው፣ «እሱማ ተበላሽቷል፣ ብርድ ነው የሚነፍሰው» አሉኝ። አልተበላሸም ነበር። ውስጡ ውሃ አልደረሰም እንጂ።

መፍትሄው አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መኪናውን አፍንጫው ሽቅብ እንዲያይ ዳገት ላይ አቆምነው፤ ደሴ ዳገት አይቸግርም። የእግሩ ጎማ ስር ድንጋይ፣ የእጅ ፍሬን። የሂተሩን ማዞሪያ ሙቅ ላይ ጥግ ድረስ። ክዳኑን ከፈትኩ፣ አፉ ድረስ ሞላሁ፣ ሞተሩን አስነሳሁና ክዳኑ እንደተከፈተ ነዳጅ ሳልሰጥ በሚኒሞ ተውኩት። ከዚያ ትዕግሥት ነው። መጀመሪያ ትንንሽ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። በየመሃሉ የላይኛውን ጎማ፣ ገና ለብ እያለ፣ ጨመቅ ለቀቅ ታደርጋለህ፣ አረፋው ይጨምራል። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ቴርሞስታቱ ሲከፍት ውሃው ጎርጎርጎር ብሎ በአንዴ ይሰምጣል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደነግጣል። አትደንግጥ፣ ሙላ። የጋሼ መኪና ያን ቀን አንድ ሊትር ተኩል ጠጣች። የታችኛው ጎማ ሞቀ፣ ሂተሩ ፊት የሚያቃጥል አየር መንፋት ጀመረ። ያኔ ክዳኑን ዘጋሁ፤ ከዚያ ፋኑ ተነስቶ ጠፋ፣ እንደገና ተነሳ። በሚቀጥለው ሰኞ በዚያው መኪና ባቲ ገበያ ሄደው መጡ።

ፊትህን ከአፉ አርቅ፣ ሙቅ ውሃ ይተፋል። ጌጁ ከመሃል ካለፈ ወዲያው አጥፋ። በማግስቱ ጠዋት ሳታስነሳ ክፈትና እይ፤ ጎደል ማለቱ አይቀርም። ጎን ያለችውን የውሃ ፕላስቲክም እስከ ምልክቷ ሙላ።

አንድ ልማድ ያዝ። አሮጌውን ውሃ ሳፋ ውስጥ አፍስሰህ በሃይላንድ ለካው። 5 ሊትር ከወጣ ቢያንስ 5 ሊትር መግባት አለበት። 3 ተኩል ብቻ ገብቶ «ሞላ» ካለህ ሥራህ አላለቀም።

ምልክት፦ አየሩ ወጥቷል፣ አሁንም ዳገት ላይ ያፈላል፣ ጎን ያለችው ፕላስቲክ እየሞላች ትፈሳለች።

ክዳኑ ነው። ሰው ለራዲያተሩ ብዙ ብር ያወጣና የድሮውን ክዳን መልሶ ይከድናል። እኛ አገር ደግሞ ክዳን ከሌላ ቦታ የበለጠ ቁም ነገር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ብዙ ቶዮታ ላይ ፋኑ የሚነሳው ወደ 93 ሲደርስ ነው። እየው እንግዲህ፣ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ፈልቷል ማለት ነው። ደህና ክዳን መፍያውን 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። አናቱ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል የግፊት ቁጥር አለ፤ መኪናህ የሚጠይቀውን ግዛ። ግፊቱ ቢበዛ ይሻላል ብለህ ከፍ ያለውን አትግጠም፣ ደካማውን ጎማ ያፈነዳል። ስፕሪንጉ የሰለለ፣ ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ወደ ቆሻሻ።

ምልክት፦ አዲሱ ራዲያተር በወሩ አፈሰሰ።

ይሄ ያናድደኛል። ገበያ ላይ ወረቀት የመሰለ ነገር በአዲስ ካርቶን ይሸጣል። ከመግዛትህ በፊት የድሮውን ይዘህ ሂድ፣ ጎን ለጎን አስቀምጥ፣ የመሃሉን ውፍረት በማስመሪያ ለካ። የወጣው 26 ሚሊ ሆኖ የሚሰጥህ 16 ሚሊ ከሆነ ሐረጎን አይችለውም፣ መልሰው። የጎማዎቹ አፍ፣ የፋኑ ብሎን ቦታ፣ ማፍሰሻው ሁሉ ይግጠም። መኪናህ አውቶማቲክ ከሆነ ከታች ሁለት የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ቱቦ መግጠሚያ ሊኖረው ይገባል፤ የማኑዋሉን ገዝቶ ከባቲ ድረስ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ዘይቱ ሲፈስ የወጣውን ያህል ያንኑ ዓይነት መልስ። የፕላስቲኩን አፍ የሚሰነጥቀው ግን ብዙ ጊዜ የገጣሚው ጉልበት ነው። ፋሼታ (የውሃ ጎማው ማሰሪያ) እስኪጮህ አይጠበቅም። የፕላስቲክ ማፍሰሻ በእጅ ይጠበቃል፣ በፒንሳ አይደለም።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል መፍትሄ አይደለም። ብዙ ቶዮታ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፍት ወደ ራዲያተሩ የማይሄደውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል፤ ስታወጣው አቋራጩ ክፍት ይቀርና ዳገት ላይ ይብስበታል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል። ከጠረጠርከው ድስት ውስጥ ቀቅለው። ውሃው ሲፈላ ካልከፈተ ቀይረው።

አረፋው ምንም ብታስተነፍስ ካላቆመ፣ የሞተር ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ፣ ያኔ ጋርኒሲዮን (ቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ነው፤ ራዲያተር አያድነውም። ራዲያተሩ ውስጥ ሮዝ ወተት የመሰለ ነገር ካየህ የካምቢዮ ዘይት ተቀላቅሏል፣ አትንዳው።

ቀዳዳ በሳሙናና በእንቁላል የሚደፍኑ ሰዎች አሉ። መንገድ ላይ ቀርተህ ከሆነ ይገባኛል። ግን እቤት ስትደርስ ሳትውል ሳታድር እጠበው፣ የሂተሩን ቀጫጭን ቱቦ ይደፍናል። መንገድ ላይ ሲያፈላም በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፋ፤ ቴስታታ ይሰነጠቃል። ጥግ ይዘህ ቁም፣ ይቀዝቅዝ።

ውሃውስ? ማንቆርቆሪያህ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ራዲያተርህም ውስጥ ይጋገራል። ኩላንት (ባለ ቀለሙን የራዲያተር ፈሳሽ) ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ቀላቅለህ ሙላ። የተጣራ ውሃ ከባትሪ ሻጭ ስትገዛ አሲድ አለመሆኑን አረጋግጥ፣ ጀሪካናቸው ይመሳሰላል። ያፈሰስከውን አሮጌ ኩላንት ግቢ ውስጥ በሳፋ አትተወው። ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው፤ ውሻም ጥጃም ልጅም ይቀምሰዋል። እኔ ገና ሳፈስ ጀሪካን ውስጥ ገልብጬ ከድኜ ከፍ ያለ ቦታ ነው የማስቀምጠው።