መራጭ ስናስመዘግብ የምንሰራቸው ስህተቶች፦ ከዲሲ፣ ሜሪላንድ እና ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ላለፉት ጥቂት አመታት ቅዳሜና እሁድ የሀበሻ ሰው የሚበዛበት ቦታ እየሄድን ጠረጴዛ ዘርግተን መራጭ ከምናስመዘግብ ቮለንቲሮች አንዷ ነኝ። ቤተክርስቲያን ግቢ፣ መስጊድ በር ላይ፣ እንጀራ የሚሸጥ ግሮሰሪ ፊት ለፊት፣ የኳስ ዝግጅት ላይ፣ ሰው ካለ እኛም አለን። ምርጫ በቀረበ ቁጥር አዳዲስ ልጆች ይመጣሉ፣ ልባቸው ንፁህ ነው፣ ግን ያው ተመሳሳይ ስህተት ይደጋገማል፣ አንዳንዱ ስህተት ደግሞ የሰው ህይወት የሚያበላሽ ነው። ግማሹን እኔው ራሴ ስለሰራሁት በደንብ አውቀዋለሁ፣ ስለዚ ለሚመጡት ልጆች ልፃፈው ብዬ ነው።

ዜግነት ሳይጠይቁ ፎርም መስጠት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው።

አንድ እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰው ተግተልትሎ መጣብን። አንዲት እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ጠጋ ብለው "ምን ልሙላልሽ ልጄ?" አሉኝ፣ እኔም ሰው ስለበዛብኝ ክሊፕቦርዱን ከነ ፎርሙና እስክሪብቶው ሰጠኋቸው። ቀስ እያሉ ስማቸውን ፃፉ፣ አድራሻቸውን ከቦርሳቸው ካወጡት የመብራት ቢል ላይ እያዩ ገለበጡ፣ ልክ ፊርማው ጋ ሲደርሱ ጓደኛዬ ለጨዋታ ብላ "እማማ እዚ አገር ስንት አመት ሆነዎት?" አለቻቸው። "በሚቀጥለው ጥምቀት ሶስት አመቴ፣ ልጄ ናት በግሪን ካርድ ያመጣችኝ" አሉ። በድንጋጤ ክው ነው ያልኩት። ፎርሙን ተቀብለን እዛው ፊታቸው ቀደድነው፣ ምክንያቱንም አስረዳናቸው፣ እሳቸው ግን ያዘኑት እኛን ያስቸገሩን መስሏቸው ነው።

ለምን እንደደነገጥኩ ልንገራችሁ። የፎርሙ የመጀመሪያ ጥያቄ "የአሜሪካ ዜጋ ነዎት?" የሚል ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚፈረመውም ይሄ እውነት ነው ተብሎ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌደራል ምርጫ ቢመርጥ በ1996 በወጣው ህግ ወንጀል ነው፣ ካገር እስከመባረር ሊያደርስ ይችላል። ሳይመርጥ ተመዝግቦ ብቻ ቢቀመጥ እንኳን ለዜግነት የሚሞላው ኤን-400 ፎርም ላይ "ለመራጭነት ተመዝግበው ያውቃሉ?" ተብሎ ይጠየቃል። ቮለንቲሯ ናት ያስሞላችኝ ብሎ ማስረዳት ይቻል ይሆናል፣ ግን ያ ሁሉ ጠበቃና ጭንቀት ለሰውየው ነው የሚተርፈው፣ እኛማ ጠረጴዛችንን አጥፈን ቤታችን ገብተናል።

አጠያየቁም ጥበብ ይፈልጋል። ሰው መሀል "ወረቀት አለህ?" ብሎ ነገር የለም፣ ሰው ታዋርዳላችሁ። እኛ አሁን ለሁሉም እኩል አንድ አይነት ነገር ነው የምንለው፦ "ይሄኛው ፎርም ዜግነት ለወሰደ ብቻ ነው፣ ገና ላልወሰደ ሰው ደግሞ ይሄኛው ወረቀት አለ" እንልና ጎን ለጎን የዜግነት ፈተና ትምህርት የት እንደሚሰጥ የሚገልፅ ወረቀት እናስቀምጣለን። ሰው ራሱ የሚሆነውን አንስቶ ይሄዳል፣ ማንም አያፍርም።

እዚ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ያለችው የታኮማ ፓርክ ከተማ ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎቿም የከተማውን ምርጫ ፈቅዳለች፣ ዲሲም በ2024 ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ለከተማው ምክር ቤት መርጠዋል። ስለዚ "ግሪን ካርድ ያለው ፈፅሞ አይመርጥም" ብሎ በድፍኑ መናገርም ልክ አይደለም። ግን ይሄ የአካባቢ ምርጫ ብቻ ነው፣ የሚሞላውን ፎርም በጥንቃቄ መለየት ያስፈልጋል፣ ዜግነት እየጠበቀ ያለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር በሉት። የህግ ምክር ለመስጠት እንዳትሞክሩ።

"ፓርቲ" የሚለውን ሳጥን እንደቀልድ ማለፍ

ከዜግነቱ ቀጥሎ ሜሪላንድ ላይ ይሄን ያህል ዋጋ የሚያስከፍለን ሌላ ስህተት ያለ አይመስለኝም።

ፎርሙ ላይ ፓርቲ ምረጥ የሚል ቦታ አለ። የኛ ሰው እዛ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ይቆማል። እኛ ደግሞ "የፓርቲ አባልነት" ብለን ነው የምንተረጉምለት! አስቡት እስኪ፣ በኢሠፓ ጊዜ የነበረ አባት፣ በኢህአዴግ ጊዜ አባል ካልሆንክ እየተባለ የተቸገረ መምህር፣ አባልነት ማለት ለሱ መታወቂያ ነው፣ መዋጮ ነው፣ ስብሰባ ነው፣ መንግስት ሲቀየር ደግሞ ጣጣ ነው። "እኔ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም ልጄ" ይልና ባዶ ይተወዋል ወይ ከየትኛውም ፓርቲ አይደለሁም የሚለውን ይሞላል፣ እኛም "ችግር የለውም" ብለን እናልፋለን።

ችግሩ የሚመጣው ፕራይመሪ ላይ ነው፣ ማለትም ከኖቬምበሩ ዋና ምርጫ በፊት የየፓርቲው እጩ በሚለይበት ምርጫ ላይ። ሜሪላንድ ውስጥ የፓርቲ ፕራይመሪ የሚመርጠው በዛ ፓርቲ ስም የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ባዶ የተወ ሰው በፕራይመሪው ቀን ሲሄድ የትምህርት ቦርድ አይነት ፓርቲ የሌለበትን ምርጫ ብቻ ነው የሚያገኘው፣ ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ደግሞ እዛው በምርጫው ቀን ፓርቲ ልቀይር ቢል አይቻልም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ደግሞ ብዙው ነገር የሚያልቀው እዛ ፕራይመሪ ላይ ነው። በ2018 ለካውንቲው ኤግዚኪዩቲቭ፣ ማለት ለዋና አስተዳዳሪው፣ የተደረገው የዴሞክራቶች ፕራይመሪ በስንት ድምፅ እንደተወሰነ ታውቃላችሁ? በ77። በ2022 እነዛው ሁለት ሰዎች፣ ማርክ ኤልሪች እና ዴቪድ ብሌር፣ እንደገና ተወዳደሩና ቆጠራው ተደግሞ ልዩነቱ 32 ሆነ። ከ1 ሚሊዮን ሰው በላይ በሚኖርበት ካውንቲ 32 ድምፅ! ማን ማሸነፍ ነበረበት እያልኩ አይደለም፣ እሱ የኔ ስራ አይደለም። ግን 32 ሰው ማለት የአንድ እድር ግማሽ እንኳን አይሞላም፣ አንድ እሁድ እኛ ጠረጴዛ ጋ መጥቶ ያን ሳጥን ባዶ ትቶ የሚሄደው ሰው ከዛ ይበልጣል።

ስለዚ አሁን "አባልነት" የምትለዋን ቃል ጥለናታል። "በፕራይመሪ የየትኛውን ፓርቲ እጩዎች መምረጥ ይፈልጋሉ? መዋጮ የለውም፣ መታወቂያ የለውም፣ በኋላ መቀየር ይችላሉ፣ ኖቬምበር ላይ ደግሞ የፈለጉትን ነው የሚመርጡት" እንላለን። ከዛ ዝም ነው፣ የቱን እንደሚመርጥ የሱ ጉዳይ ነው፣ ባዶ ልተወው ካለም አውቆ ይተወው። ቨርጂኒያ ያላችሁ ይሄ ጣጣ የለባችሁም፣ እዛ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም።

ስም እና የልደት ቀን

አጭር ነው ግን ብዙ ፎርም የሚያስመልስ ነው። እዚ አገር ወር ነው የሚቀድመው፣ ከዛ ቀን። እኛ ቀን አስቀድመን ነው የለመድነው። አንዳንድ አዛውንት ደግሞ የልደታቸውን አመት በኛ አቆጣጠር ይፅፉታል፣ ሰባት ስምንት አመት ልዩነት ይመጣል ማለት ነው። ስም ላይ ያለው ደግሞ ይብሳል፣ ዜግነት ወረቀቱ ላይ "ወልደ" እና "ማርያም" ተለያይቶ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ተጣብቆ፣ ባንክ ላይ የአያት ስም ተጨምሮ። መንጃ ፈቃዱን ያውጡ በሉና እሱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ይገልብጡት። የአፓርታማ ቁጥርም አትርሱ፣ ቁጥሩ ከሌለ ፖስታው ይመለሳል።

ማኪያቶ መጋበዝ

ይሄን ስናገር ሁሌ የሚገርማቸው አሉ። "ከተመዘገብክ ማኪያቶ በኔ ነው" ማለት የኛ ባህል ነው፣ ክፋት የለውም፣ ግን የፌደራል እጩ ባለበት ምርጫ ለመመዝገብ ወይ ለመምረጥ ብሎ ገንዘብም ሆነ ዋጋ ያለው ነገር መስጠት ክልክል ነው፣ ህጉ እስከ 5 አመት እስር እና 10,000 ዶላር ቅጣት አለው። ቡና ማፍላት ከፈለጋችሁ ለተመዘገበውም ላልተመዘገበውም፣ መንገድ ለሚያልፈውም እኩል ይቀዳ። በመኪና ወደ ምርጫ ጣቢያ ማድረስ ግን ይቻላል።

ጎን መያዝ

እዚ አገር የሴት መራጮች ሊግ የሚባል ድርጅት አለ፣ በ1920 ሴቶች የመምረጥ መብት ህገ መንግስቱ ላይ ሊገባላቸው ጥቂት ወራት ሲቀረው ቺካጎ ላይ የተመሰረተ ነው። መቶ አመት አልፎት እስከዛሬ አንድም እጩ ወይ ፓርቲ ደግፎ አያውቅም፣ በህግና በፖሊሲ ላይ ግን አቋሙን በግልፅ ይናገራል። ይሄን ልዩነት ልብ በሉልኝ። እኛም ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤት መናገር እንችላለን፣ "እገሌን ምረጡ" ግን ጠረጴዛው ላይ አይባልም። በተለይ ቤተክርስቲያንና መስጊድ ግቢ፣ ከ1954 ጀምሮ ባለው ህግ ከግብር ነፃ የሆነ ተቋም እጩ መደገፍም መቃወምም አይችልም፣ እናንተ በምትለጥፉት አንድ ፖስተር የእምነት ቤቱን ነው የምታስጠይቁት።

የሀገር ቤቱም ፖለቲካ እንደዚሁ ነው። ቲሸርት ላይ ያለ ምልክት፣ ባንዲራ፣ አንድ ቃል እንኳን ግማሹን ሰው ከጠረጴዛው ያርቀዋል። አንድ ዝግጅት ላይ ሁለት ቮለንቲሮች ስለ ሀገር ቤት ተከራክረው ድምፃቸው ከፍ ሲል ያየ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲሄድ አይቻለሁ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ኦሮምኛና ትግርኛ የሚናገር ሰው ከናንተ ጋር ይቀመጥ፣ ሁሉም ሰው የኔም ነው የሚለው ጠረጴዛ ይሁን።

የተሞላ ፎርም መኪና ውስጥ ማሳደር

በፍፁም። ህጉ በየስቴቱ ይለያያል፣ ቨርጂኒያ ለምሳሌ የተፈረመ ፎርም በ10 ቀን ውስጥ፣ የምዝገባ መዝጊያው ከቀደመ ደግሞ ከዛ በፊት መድረስ አለበት ትላለች፣ 25 እና ከዛ በላይ ፎርም የሚወስድም መጀመሪያ ስልጠና መውሰድ አለበት። የኛ ህግ ግን እዛው ቀን ማታ ወይ ሰኞ ጠዋት ነው። ፎርሙ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አራት ቁጥር ሊኖር ይችላል፣ ስለዚ ፎቶ ማንሳት፣ ሰው እየሞላ ቲክቶክ መቅረፅ ምናምን የለም።

በአራት አመት አንዴ ብቅ ማለት

ፕሬዝዳንት ሲመረጥ ቮለንቲር ይበዛል፣ ከዛ ሁሉም ይጠፋል። ግን ኑሯችንን የሚነካው የቱ ነው? ሞንትጎመሪ ውስጥ በብዙ አፓርታማዎች የኪራይ ጭማሪ በአመት ከ6 በመቶ እንዳያልፍ ያደረገው ህግ በ2023 የወጣው ከካውንቲው ምክር ቤት ነው፣ ከዋይት ሀውስ አይደለም። ይሄን ስነግራቸው "እሱንም የሚመረጥ ሰው ነው የሚወስነው?" የሚሉኝ አሉ፣ ከዛ በኋላ ፎርሙን ራሳቸው ይጠይቁኛል። ቨርጂኒያ ደግሞ በየአመቱ ኖቬምበር ምርጫ አለ። በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ላይ ለስቴቱ ምክር ቤት የተወዳደሩ ሁለት ሰዎች እኩል 11,608 ድምፅ አግኝተው፣ በጥር 2018 ስማቸው ከሳህን ውስጥ በእጣ ወጥቶ ነው አሸናፊው የታወቀው፣ ምክር ቤቱን የትኛው ፓርቲ እንደሚመራም በዛች እጣ ነው የተወሰነው። አንድ ሰው ከስራ መልስ ጎራ ብሎ ቢሆን ኖሮ እጣ ባላስፈለገ።

"ከተመዘገብኩ ለጁሪ ይጠሩኛል" ለሚላችሁም መልስ ይኑራችሁ፣ ሜሪላንድ የጁሪ ስም የምታወጣው ከመንጃ ፈቃድ መዝገብም ጭምር ነው፣ አለመመዝገቡ አያስመልጠውም።

ለአዛውንቶች ባሎት ማሳጠር

የፌደራል ህግ ባሎት፣ ማለት የድምፅ መስጫው ወረቀት፣ በአማርኛ እንዲዘጋጅ አያስገድድም፣ ዲሲ በራሷ ህግ ብዙ ነገር በአማርኛ ታወጣለች እንጂ። ግን ማንበብ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ መግባት መብቱ ነው፣ ከአሰሪው ወይ ከሰራተኛ ማህበሩ ሰው በስተቀር። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ አንዳንድ ምርጫ ጣቢያ ላይ የሚሰሩትም ይዘነጉታል፣ በትህትና ማስታወስ ነው።

ስህተቱ የሚመጣው ከገባን በኋላ ነው። ሰው እየጠበቀ ነው፣ ባሎቱ ረጅም ነው፣ "አባባ ዋናው ዋናውን ላንብብልዎት?" እንላለን። እኔም አንዴ እንደዛ ብዬ ነበር፣ ሰማንያ የሚጠጋቸው አባት ናቸው፣ ዜግነት ከወሰዱ ገና የመጀመሪያ ምርጫቸው ነው፣ ኮታቸውን ለብሰው ክራቫት አድርገው ነው የመጡት። የረዳኋቸው መሆኔን የሚገልፀውን ወረቀት ፈርመን ገባን። "ዋናው የቱ እንደሆነ አንቺ በምን አወቅሽ? ሁሉንም አንብቢልኝ" አሉኝ። ዳኞቹን፣ የትምህርት ቦርዱን፣ ያን ሁሉ የህግ ማሻሻያ ጥያቄ አንድ በአንድ በአማርኛ ነገርኳቸው። መሀል ላይ "አንቺ ማንን ትመርጫለሽ?" ብለው ጠየቁኝ፣ "እሱን አልነግርዎትም አባባ" ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ጨርሰናል ብዬ ወረቀቱን ልሰጣቸው ስል እጄን ያዝ አደረጉና "እስኪ ያችን የትምህርት ቤቱን ነገር ድገሚልኝ፣ የልጅ ልጄ እዛ ነው የሚማረው" አሉ።