በግንባታ ውል ክርክር የወጣን ወጪና ኪሳራ ለማስመለስ

ያልተከፈለ የክፍያ ሰርተፊኬት (ለተሠራው ሥራ የሚከፈለውን ገንዘብ የሚያረጋግጥ ሰነድ) ይዞ አሠሪውን የሚከስ የሥራ ተቋራጭ በመጀመሪያ የውሉን የክርክር አፈታት አንቀጽ ማንበብ አለበት፤ ጉዳዩ በግልግል ዳኝነት የሚታይ ከሆነ የዳኞቹን አበል ማን እንደሚሸፍን ውሉ መናገሩን ያረጋግጥ።

በመደበኛ ፍርድ ቤት ግን መሠረቱ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በአንቀጽ 462 መሠረት ወጪውን ማን እንደሚከፍል የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ስለሆነ፣ ተቋራጩ ወጪና ኪሳራን በክስ ማመልከቻው የዳኝነት ጥያቄ ውስጥ በግልጽ ያስፍር። ፍርዱ «ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራቸውን ይቻሉ» ካለ የወጪ ዝርዝር ማቅረብ ትርጉም የለውም፤ «ከሳሽ ዝርዝር የማቅረብ መብቱ ተጠብቋል» ካለ ግን በአንቀጽ 463 መሠረት ያቀርባል።

ብዙ ተቋራጭ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፣ ይህም ያሳዝነኛል፤ በሐቅ ያወጣውን ገንዘብ በጥቅል ቁጥር ጽፎ ያቀርባልና። የዳኝነት ክፍያ ደረሰኝ፣ ከጠበቃው ጋር የተፈረመው የአበል ውል ከባንክ ማስተላለፊያው ጋር፣ ሥራውን ለለካው መሐንዲስ የተከፈለው፣ የምስክሮች መጓጓዣ፣ ሁሉም በተከፈለበት ቀን ተለይቶና ማስረጃው ተያይዞ ይቅረብ። የጠበቃ አበሉም ከክርክሩ ክብደት ጋር የተመጣጠነ ይሁን፤ የተጋነነ አበል ሊቀነስ ይችላል።

የዘገየ ክፍያ ወለድ ግን የዋናው ክስ አካል እንጂ የክርክር ወጪ ስላልሆነ፣ በክሱ ያልተጠየቀውን ወለድ በዚህ ዝርዝር ማስገባት አይቻልም።