ቀለሙ የሚላጥ ጣሳ፣ ገመዱ የሚላላ ጠርሙስ፦ ችግርና መፍትሄ

የወተት ጣሳ፣ የማርማላታ ጠርሙስና ሃይላንድ የቤት ጌጥ ማድረጉ ቀላል ነው። ከባዱ በአዳማ ፀሐይና አቧራ ውስጥ ሳይበላሽ ማቆየቱ ነው።

ቀለሙ በጥፍር ሲነካ ይላጣል

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚወቅሰው ቀለሙን ነው። እኔ የማየው ጣሳውን ነው። የቅቤ ወይም የዘይት ጣሳ ቢታጠብም ስስ ቅባት ይቀርበታል፤ ገጹም ልሙጥ ስለሆነ ቀለሙ የሚይዘው ነገር ያጣል። በጣታችሁ ዳብሱት፤ ካንሸራተተ ገና አልጸዳም። በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ደግማችሁ እጠቡት፣ ማንጸባረቁ እስኪጠፋ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ አንሱ። ሲደርቅ ፀረ ዝገት ቀለም ይቅደም፤ ዋናው ቀለም ሳሳ ተደርጎ 2 ጊዜ ይከተል። አንዴ በወፍራሙ ከተቀባና ፀሐይ ላይ ከወጣ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ አረፋ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ጥላ ውስጥ ይድረቅ።

ዕቃው ፕላስቲክ ከሆነ ግርጌውን ገልብጡና ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ሃይላንድ 1 ነው፤ ከተፈገፈገ ቀለም ይይዛል። 2 ወይም 5 ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ቢጫው ጀሪካን እንደሚሆነው፣ ቀለምም ሙጫም በደንብ አይዘውም። በሱ አትድከሙ፤ ጨርቅ በልኩ ሰፍታችሁ አልብሱት፣ ከነጠላ የተረፈ ጥለት በጣም ያምርበታል። ፀረ ተባይ የነበረበትን ዕቃ ግን ቤት አታስገቡ።

ላዩ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል

አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ ናት፤ ግቢ የተቀባ ነገር አቧራ ይለብሳል። ካርቶን በጎኑ አጋድማችሁ ውስጡ አድርቁት። የሻከረውን አለስልሳችሁ አንዴ ደግማችሁ ቀቡ።

የተጠመጠመው ሲባጎ ይላላል

ከየት እንደጀመረ ተመልከቱ። ፀሐይ በሚመታው ጎን ከሆነ ጥፋቱ የሽጉጥ ሙጫው፣ ማለትም በሽጉጥ መሳይ ማሞቂያ ቀልጦ የሚወጣው ሙጫ ነው፤ ቀልጦ የተጣበቀ ነገር ሲሞቅ መልሶ ይለሰልሳል። ከታች በኩል ከሆነ ነጭ ኮላ ተጠቅማችኋል፤ እሱ ውሃ አይችልም። ለሁለቱም ማስቲሽ ይሻላል፦ ጠርሙሱንም ሲባጎውንም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ጠብቁ፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ። መስኮት ይከፈት፣ እሳት አጠገብ አይሁን።

ሃይላንዱ ተጨማደደ

ፕላስቲኩ ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል፤ የሽጉጥ ሙጫ ሲወጣ ከ100 በላይ ነው። ሙጫውን ሃይላንዱ ላይ ሳይሆን የምትለጥፉት ጨርቅ ላይ አድርጉና ትንሽ በረድ ሲል ለጥፉ።

ጣሳው ውስጥ ያለው ተክል ይጠወልጋል

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ውሃው መውጫ የለውም፤ ሥሩ እየበሰበሰ ነው። ግርጌውን በምስማር ብሱት፣ ዝገት እዚያ ስለሚጀምር የቀዳዳውን ዙሪያ ፀረ ዝገት ቀቡ። አፈሩ ቶሎ ቶሎ እየደረቀ ከሆነ ደግሞ የጣሳውን ቀለም እዩ፤ ጥቁር የተቀባ ጣሳ ፀሐይ ላይ ሥሩን ያነፍረዋል፣ ነጭ ወይም ክሬም ይሁን።